ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩ የአማርኛ ገጾችን እንዴት እናንብብ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ1990ዎቹ የአማርኛ ድረ ገጾች ፋይላቸው ቢገኝም ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ናቸው። ማዳን ይቻላል?

ፊደል ወዳድ፦ ይቻላል፤ ፋይሉ አልተበላሸም። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ መለያ) ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ከ3.0 እትም ጋር ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፎንት ሠሪ የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ እንደመሰለው ይሰካ ነበር። በአንድ ፎንት ያለው ቦታ 256 ብቻ ነው፤ 33 በ7 ሲባዛ 231፣ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ሞልቶ ይፈስሳል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፎንቱን ለሁለት ከፈሉት። አሁን የፋይሉን ቅጂ በኖትፓድ ከፍተው የፎንቱን ስም ይፈልጉ፤ ያንኑ ፎንት ሲጭኑ ይነበባል።

የድሮ ገጽ፦ ጽሑፉን ብቻ ቀድተው ሌላ ቦታ እንዳይለጥፉ! የፎንቱ ስም ይጠፋል። ለሁለት በተከፈለ ፎንት አንድ ኮድ (የፊደሉ የቦታ ቁጥር) ሁለት ፊደል ስለሚወክል፣ ስሙ ከሌለ የትኛው እንደሆነ መለየት ጭንቅ ነው። በምስል የተለጠፉት ገጾች ግን ዛሬም ያለ ችግር ይነበባሉ።

ጠያቂ፦ ፎንቱ ራሱ ከጠፋስ?

ፊደል ወዳድ፦ የትኛው ምልክት ለየትኛው ፊደል እንደቆመ የሚያሳይ ሰንጠረዥ በእጅ መሥራት ነው። ከአራት ነጥብ ይጀምሩ፦ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ የሚደጋገመውን ምልክት ይያዙ። ከፊቱ ደጋግሞ የሚመጣው ጥንድ አብዛኛውን ጊዜ «ነው» ነው። ፊደሉን ከቁርጥራጭ የሚገጣጥም ፎንት ከሆነ ግን አንዱ ፊደል ሁለት ኮድ ሊወስድ ስለሚችል፣ ረጅሙን ጥምረት አስቀድመው ይተኩ፤ አለዚያ አጭሩ መሃሉን ይበላዋል።