ዶልፊናችን ውስጥ መኖር ጀምረናል፤ እድሩን ምን እናድርገው?

ሰፊዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

እኔና ባለቤቴ ባሕር ዳር ነን። ሽምብጥ 8 ዓመት ተከራይተን ኖረናል። አከራያችን በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ሲጨምሩብን ሦስተኛውን ሳንጠብቅ ወጣን። የት ገባችሁ በሉኝ። መኪናችን ውስጥ።

መኪናዋ ነጭ ዶልፊን ሚኒባስ ናት። ባለቤቴ ከባሕር ዳር ወረታ ሰው ይጭንባት ነበር። አንድ ቀን ሠርቶ ሁለት ቀን መቆም ሲሰለቸው ወደ ድሮ ሙያው ተመለሰ፤ የውሃ ፓምፕ ጥገና። ፎገራ ላይ በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ሰው ፓምፑ ከቆመበት ማሳው ዓይኑ እያየ ይጠወልግበታል። እሱ ፓምፑን አስጭኖ ከተማ ከሚንከራተት እኛ ብንሄድለት ይሻላል። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ። የእናቴ የእጅ ሲንጀር አለችኝ፤ መብራት አትጠይቅም። ገበያ ዳር ቁጭ ካልኩ የተቀደደ ሱሪ አይጠፋም። እንግዲህ መኪናዋ ውስጥ ያስገባን ኪራዩና ሥራው ነው እንጂ የፈረንጅ ቪዲዮ አይተን አይደለም። (እሺ፣ ጥቂት አይተናል።)

ወንበሮቹን ነቀልን። በስፌት ሜትሬ ለካኋት። ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ እስከ ኋላ በር 2 ሜትር ከ80፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ50። ባለቤቴ 1 ሜትር ከ78 ነው፤ ወርዷ ላይ ቢተኛ እግሩ በመስኮት ይወጣል። ስለዚህ አልጋው በቁመት ሆነ። ከሞራሌና ከኮምፔንሳቶ ራሱ ሠራው። ከአልጋው ሥር የፓምፕ መፍቻዎቹ፣ ክሪኩ፣ የእኔ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ድስት፣ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ፖርቶ መጋላው ላይ 200 ዋት ሶላር ታስሯል። አልጋውን አልፎ የሚተርፈው ቦታ አንድ ሰው ቆሞ ሱሪ የሚለብስባት ናት። ሁለት ሰው ከሆንን አንዳችን ውጭ ነን።

የመጀመሪያዋን ሌሊት አልረሳትም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ግንባሬ ላይ ጠብ አለ። ዝም አልኩ። ደግሞ ጠብ። ዝናብ ነው ብዬ ባለቤቴን ቀሰቀስኩት። «በኅዳር ምን ዝናብ አለ?» ብሎ በባትሪ ጣሪያውን ሲያበራ ላሜራው በሙሉ አልቦታል። ለካ የራሳችን ትንፋሽ ነው። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ ይህን ያህል ውሃ እንደሚያወጣ በ36 ዓመቴ ገና አወቅኩ።

ይኸው ሰባት ሳምንት ሆነን። ለትንፋሹ፣ ለእንጀራው፣ ለማደሪያው ምክር ካላችሁ እቀበላለሁ። ዋናው ጭንቀቴ ግን ሌላ ነው። እናቴ ደውላ ምን አለችኝ መሰላችሁ፦ «ልጄ፣ ሰው ቢሞትብሽ ድንኳኑን ጎማው ላይ ልትተክይው ነው?» ሳቅኩ። ሌሊቱን ግን አልተኛሁም።

የሽምብጥ እድራችን ውስጥ 8 ዓመት ከፍያለሁ። ተራዬ ሲደርስ ድስት አጥቤያለሁ፣ ሽሮ አማስያለሁ። አሁን ሰፈር ለቀናል። ሰው ሁሉ ደግሞ «የት ገባችሁ?» ይላል። ጎንደር መንገድ ላይ ነን እላለሁ፤ ውሸት አይደለም። ለእድሩ ምን ልበል? መኪና ውስጥ ነው የምኖረው ማለት አፈርኩ።


ናፍጣ፦

እህቴ፣ ወንበሮቹን ሸጣችኋል? ካልሸጣችሁ እንዳትሸጡ! ሊብሬው ላይ መኪናዋ ስንት ሰው እንደምትጭን ተጽፏል። ለቦሎ ምርመራ ባዶዋን ይዛችሁ ከቀረባችሁ ጣጣ ነው። ቀድማችሁ ሄዳችሁ ለውጡን አስመዝግቡ። ኢንሹራንሱም የሚያውቃችሁ በሊብሬው ነው።

ክብደት። ሦስት ጀሪካን ውሃ 60 ኪሎ ነው፤ አንድ ተሳፋሪ ጫናችሁ ማለት ነው፣ ያውም የማይከፍል። ውሃውንና መፍቻውን ከኋላ በር አርቃችሁ ወደ መሐል አስገቡት። ሁሉን ጭራዋ ላይ ከከመራችሁ ባሌስትራው ይተኛል፣ መሪውም ይቀላችኋል።

ለትንፋሹ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ግራና ቀኝ አንድ አንድ መስኮት ጣት የሚያሾልክ ያህል ከፍታችሁ ተኙ። አንዱን ብቻ መክፈት ዋጋ የለውም። ጊዜ ስታገኙ ጣሪያውን በስፖንጅና በኮምፔንሳቶ አልብሱት፤ የሚያልበው ባዶው ላሜራ ነው።

አሁን እንጀራ። በሶላር የኤሌክትሪክ ምጣድ አስባችሁ ከሆነ ተዉት። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጠጣል። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ባትሪ ቢኖራችሁ በስም 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ተራ የመኪና ባትሪ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው 600 ነው። በ600 ምጣዱ አሥር ደቂቃ ቢበራ ነው። ገና ምጣዱ ሳይሰማ ባትሪው ያልቃል። ለስልክ፣ ለአምፖልና ለትንሽ ማራገቢያ ግን ይተርፋችኋል። ብቻ የቤቱን ባትሪና የሞተሩን ባትሪ ለዩት። አለዚያ ማታ ፊልም አይታችሁ ጠዋት ትገፋላችሁ።

ቡታ ጋዝ ከያዛችሁ ሽታው ወደ ላይ ይወጣል ብላችሁ አትታለሉ። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ ወለል ላይ ይተኛል፣ አልጋችሁ ሥር ማለት ነው። ሲሊንደሩ ያለበት ወለል ላይ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቀዳዳ ይኑር።

ስለ መንገዱ ነጋሪ አትፈልጉም። ጠዋት ከዚያ ወገን የመጣ ሹፌር ሳትጠይቁ አትነሱ። ማታ 11 ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ቁሙ።


ነርሷ፦

የኔ እህት፣ ከላይ ያሉት ወንድማችን ሁሉን ተናገሩ፤ ትንኝን ግን ረሱ። መስኮት ክፈቱ ካሉ አጎበሩንም ይንገሩ እንጂ! ፎገራና ሊቦ ከምከም የወባ አገር ነው። አልጋችሁ ላይ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ስቀሉ፤ መስኮቶቹን ደግሞ ደቃቅ ወንፊት አልብሷቸው። ሰፊ አይደለሽ? ደቃቅ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1997 ሊቦ ከምከም ላይ ካላዛር ተነስቶ ብዙ ሰው ፈጅቷል። የሱ አስተላላፊ የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ከወባ ትንኝ ታንሳለች፤ ሰፋ ባለ ወንፊት ሽው ብላ ነው የምታልፈው። ሙቀት ሲመጣ «ውጭ ግራሩ ሥር እንተኛ» ትሉ ይሆናል፤ በተለይ የተሰነጣጠቀ ዋልካ ባለበት አታድርጉት።

ጣና ውስጥ ገብታችሁ አትታጠቡ፤ ቢልሃርዚያ አለበት። ውሃችሁን የጓሮ ፓምፕ ካለው ሰው ቅዱ፤ ለመጠጥ አፍሉት ወይም ውሃ አጋር ጨምሩበት። ከሰል ደግሞ አደራ። ቡናሽን ውጭ አፍይ። ብርድ ነው ብላችሁ የጋመ ከሰል ይዛችሁ በሩን ከዘጋችሁ በዚያው ነው የምትቀሩት፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

አሁን ሴት ለሴት። ሌሊት ሽንት ሲመጣ ምን ታደርጊያለሽ? ማንም አልጠየቀሽም። እኔ ገጠር ጤና ጣቢያ ሳለሁ ክዳኑ ጥብቅ የሚል ባልዲ ገዝቼ፣ ሥሩ አመድ አድርጌበት ኖሬያለሁ። ጠዋት የሰው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ትደፊዋለሽ። ወንዶቹ አይነግሩሽም፤ እነሱ ጎማ አላቸው።

እንጀራ ከሁለት ቀን በላይ አታስቀምጪ፤ መኪና ውስጥ ቶሎ ይሻግታል። ድርቆሽ አድርጊው። ድርቆሽ ፍርፍር በአንድ ድስት፣ በሩብ ሰዓት ይደርሳል።


እውነት ተናጋሪ፦

ኪራይ ያቃተው ሁሉ አሁን ተጓዥ ነኝ ሊል ነው። መኪና ቤት ከሆነማ አውቶብስ ተራ ያደርን ሁላችንም ባለ ፎቅ ነን።


ሰፊዋ፦

ወንድሜ፣ አዎ፣ አቅቶን ነው። መጀመሪያውኑ ጽፌዋለሁ። ባለ ፎቁ ግን አሳቀኝ።

ነርሷ፣ ተባረኪ። ባልዲው ዛሬውኑ ይገዛል።


የጀልባው ሰው፦

ልጄ፣ እኔ ጣና ላይ ሰውና ጭነት ሳመላልስ ነው የሸበትኩት። ስለ መኪና ብዙ አላውቅም፤ ስለ ዳርቻው ግን ልንገርሽ።

ውሃው አጠገብ አትደሩ። ጣና በግንቦትና በሰኔ ይሸሻል፣ መስከረም ላይ ይሞላል። የሸሸበትን መሬት ባሕር ሸሽ እንለዋለን። ለአላፊ ባዶ ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱ ክንድ ባለቤት አለው፣ ይዘራበታል። ደንገሉና ፊላው መሐል ተረግጦ የተኛ ሰፊ መንገድ ካያችሁ ደግሞ ከብት የሄደበት መስሏችሁ እዚያ ላይ እንዳትቆሙ። የጉማሬ መንገድ ሊሆን ይችላል። ቀን ውሃ ውስጥ ነው፤ ማታ ለግጦሽ ይወጣል። አባይ ከጣና የሚወጣበት አካባቢ በተለይ ተጠንቀቁ። ጉማሬ መንገዱ ላይ የቆመን ነገር ዞሮ አያልፍም።

ድሮ «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» ካልሽ በቃ ነበር። ዛሬ ሰው ሰውን ይፈራል፤ መጋረጃ የተጋረደበት መኪና ሜዳ ላይ ቆሞ ቢያድር እኔም እጠረጥራለሁ። ስለዚህ ፓምፑን የሠራችሁለት ገበሬ ግቢ ግቡ። ዋሳችሁ እሱ ነው። በብርሃን ድረሱ፣ ፊታችሁ ይታይ፣ ቡና አፍይና ጎረቤቱን ጥሪ።

እድሩን በተመለከተ፣ የሚያሳፍር ነገር አልታየኝም። እኔ ጎርጎራ ስወርድ፣ ደቅ ደሴት ስከርም ወር ሁለት ወር ከቤቴ እጠፋ ነበር፤ ከእድር ያስወጣኝ የለም። ክፍያዬን የሚያደርስ ጎረቤት ነበረኝ። ጥሩንባው በተነፋ ጊዜ ካለሁበት እመጣለሁ፤ ካልደረስኩ ለሠልስት እደርሳለሁ። ዝም ብላችሁ ከጠፋችሁ ግን እውነትም ወጥታችኋል። ሊቀ መንበሩ ቤት ሁለታችሁም ሂዱ። በስልክ አይሆንም፤ ፊት ለፊት።


ሰፊዋ፦

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመለስኩ። ጋሼ እንዳሉት አደረግን፤ ግን መጀመሪያ ሌላ ጉድ ልንገራችሁ።

ወረታን ሳንደርስ አንድ ገበሬ ማሳ ዳር ነበርን። ፓምፑ ሁለት ቀን ሙሉ እምቢ ብሎት ነበር። ባለቤቴ ፈትቶ ማሸጊያውን ቀየረለት። ማታ ሲያስነሳው ደስታው! ገበሬው ለመሞከር ውሃውን ለቀቀው፤ እኛ እራት እየበላን ወሬያችንን ቀጠልን። ቦዩ ሞልቶ በጨለማ ወደ እኛ ሲመጣ ያየ የለም። ጠዋት በሩን ከፍቼ ስረግጥ ጫማዬ ዋልካው ውስጥ ቀረ። መኪናዋ በኋላ ጎማዎቿ እስከ አክስሏ ገብታለች። ያሰመጠን ራሱ የጠገነው ፓምፕ ነው። ሁለት በሬና አምስት ሰው ሆነው አወጡን። ገበሬው እየሳቀ «አሁን ሥራህ መልካም መሆኑን አመንኩ» አለው፤ በላዩ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ጨመረልን። መኪናዋ እስከ ዛሬ ሽንኩርት ሽንኩርት ትላለች።

እሑድ ሽምብጥ ሄደን ሊቀ መንበሩ ቤት ገባን። የምለውን መንገድ ላይ አጥንቼ ነበር፤ ደጃፋቸው ላይ ጠፋኝ። «ቤታችን መኪናዋ ሆናለች» ብቻ አልኩ። እሳቸው በመስኮት አይተው «ያቺ ናት?» አሉ። አዎ። «ማርሹ ደህና ነው?» በቃ፣ ይኸው ነው የጠየቁኝ። ክፍያውን የድሮ ጎረቤቴ ታደርስልናለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራም እሷ ጋ እጋግራለሁ፣ የተረፈው ድርቆሽ ይሆናል። ድንኳን የሚያስተክል ነገር ከመጣ ደግሞ ግቢዋ ሰፊ ነው ብላኛለች። ለእናቴ ነገርኳት። «እንዲያ በይ» አለችና ወሬ ቀየረች።

ልንወጣ ስንል የእድሩ ጸሐፊ በር ላይ ያዘን። ቀብር ሲኖር ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሮቹን በመኪናችሁ ትጭኑልን እንደሆን ብሎ ጠየቀ። ባለቤቴ አልጋው አይነቀልም አለ። ጸሐፊው ገብቶ አየው፣ በእጁ ነቀነቀው፣ ቁልቁል ብሎኑን ፈለገ። በመጨረሻ በድስቶቹ ተስማማን።


ናፍጣ፦

ድስቶቹ ወደ መሐል! ጭራዋ ላይ አይደለም።