ክፍል ውስጥ የምደሰትበት ትምህርት ብቻዬን ስሆን ለምን ይከብደኛል?

ጥያቄ፦ ከአንዲት የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ

በዚህ ሴሚስተር ጄኔቲክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና አንድ የፍልስፍና መግቢያ ኮርስ እወስዳለሁ፤ ከሁሉ አስቀድሜ መናገር የምፈልገው ትምህርቴን የምወደው መሆኑን ነው። ጠዋት ጄኔቲክስ ክፍል ስገባ የፊት ረድፍ የምይዘው ለውጤት ብዬ ሳይሆን፣ መምህራችን ከአንዱ ጥያቄ ወደ ሌላው የሚሻገሩበትን መንገድ ከቅርብ መከታተል ስለሚያስደስተኝ ነው። የዘር ውርስን ሕግ ያገኘውን የግሪጎር ሜንዴልን የአተር ሙከራ ሲያስተምሩን መደምደሚያውን አስቀድመው አልነገሩንም፤ በሁለተኛው ትውልድ ከተገኙት 7,324 ዘሮች ውስጥ 5,474ቱ ድቡልቡል፣ 1,850ዎቹ ደግሞ የተጨማደዱ እንደነበሩ ሰሌዳው ላይ ጻፉና «ከዚህ ምን ታያላችሁ?» ብለው ዝም አሉ። ክፍሉ ሦስት ለአንድ ወደሚለው ጥምርታ በራሱ ሲደርስ የተሰማኝ ደስታ ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ላብራቶሪ አለ። የሽንኩርት ሥር ጫፍ በማይክሮስኮፕ እያየን በክፍፍል ላይ ያሉ ሕዋሶችን እንፈልጋለን። አብዛኞቹ ሕዋሶች በሁለት ክፍፍሎች መካከል ባለው ጊዜ ላይ ስለሚገኙ፣ ክሮሞሶሞቹ መሃል ላይ ተሰልፈው የሚታዩበትን አንድ ሕዋስ ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሲገኝ ግን ጎረቤቶቼን ሁሉ ጠርቼ ካላሳየሁ አላርፍም።

ችግሬ የሚጀምረው ሲመሽ ነው። ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ የዕለቱን ማስታወሻ ሳነብ ሁሉም ነገር የገባኝ ይመስለኛል፤ ደብተሬን ዘግቼ የመልመጃ ጥያቄዎቹን ስጀምር ግን ክፍል ውስጥ ግልጽ የነበረው ሐሳብ ይጠፋብኛል። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ «አንቺ የወደድሽው ትምህርቱን ሳይሆን ጥሩ አስተማሪ ማዳመጡን ነው» ትለኛለች። አባባሏ አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም ይህ ደስታ ባይኖር ኖሮ በየማለዳው በዚህን ያህል ጉጉት የምነሣ አይመስለኝም። የክፍል ውስጥ ደስታ መማሬን ያሳያል ወይስ አያሳይም? እናንተስ በክፍለ ጊዜዎቻችሁ መካከል ያለውን ሰዓት እንዴት ትጠቀሙበታላችሁ?

መልስ፦ ከአንድ የማስተርስ ተማሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው ጄኔቲክስንና ስታቲስቲክስን በአንድ ሴሚስተር መውሰድሽ ነው፤ ይህ ዕድል ለሁሉም አይገጥምም። መምህርሽ ሰሌዳው ላይ የጻፏቸውን ሁለት ቁጥሮች ወደ ስታቲስቲክስ ደብተርሽ ውሰጃቸው። ጥምርታው በትክክል ሦስት ለአንድ ቢሆን ኖሮ 5,493 ድቡልቡልና 1,831 የተጨማደዱ ዘሮች መገኘት ነበረባቸው፤ የሜንዴል ቆጠራ ከዚህ የሚለየው በ19 ዘሮች ነው። ይህ ልዩነት እንዲያው በአጋጣሚ ሊመጣ ይችላል ወይስ አይችልም? ጥያቄውን ለመመለስ የሚያገለግለውን፣ የተቆጠረው ከተጠበቀው ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካውን የካይ ስኩዌር ፈተና የስታቲስቲክስ ሊቁ ካርል ፒርሰን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1900 ሲሆን፣ በ1866 ታትሞ ለዓመታት ብዙም ትኩረት ሳያገኝ የቆየው የሜንዴል ጽሑፍ እንደገና የታወቀውም በዚያው በ1900 ነው። ሁለቱን ኮርሶች ለየብቻ የሚያጠና ተማሪ እዚህ ላይ እንደሚገናኙ ሳያስተውል ያልፋል።

በክፍለ ጊዜዎች መካከል ስላለው ሰዓት ለጠየቅሽው፣ እኔ ከክፍል እንደወጣሁ፣ ኮሪደር ላይ ቆሜም ቢሆን፣ መምህሩ ያነሡትን ዋና ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ መልሱን አልጽፍም። ማታ ጥናቴን የምጀምረው ከማስታወሻው ሳይሆን ከዚያ ጥያቄ ነው፤ መልሱን በራሴ ቃላት ከሞከርኩ በኋላ ብቻ ደብተሬን እከፍታለሁ። በዚህ ዓይነት የክፍሉ ጉጉት ሳይቀዘቅዝ እስከ ማታ ይቆይልኛል።

መልስ፦ ከአንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት

ልጄ፣ ጓደኛሽ የተናገረችው ግማሹ እውነት ነው፤ ቀሪው ግማሽ ግን አንቺን የሚያስከፋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መግቢያ ክፍሎች የተደረገ ጥናት፣ አንድን ይዘት ከጎበዝ አስተማሪ በገለጻ ብቻ የተከታተሉ ተማሪዎችንና እየተወያዩ፣ ራሳቸው ችግሩን እየፈቱ የተማሩትን አወዳድሮ ነበር። በፈተና የተሻለ ያመጡት ራሳቸው የሠሩት ሲሆኑ፣ «ብዙ ተምሬአለሁ» የሚል ስሜት ይበልጥ ያደረባቸው ግን ገለጻውን ያዳመጡት ናቸው። ምክንያቱን ለመረዳት አያዳግትም፤ በደንብ የተዘጋጀ ገለጻ ያለ እንቅፋት ስለሚፈስ አድማጩ የገለጻውን ቅልጥፍና ከራሱ ችሎታ ጋር ያምታታዋል፤ የሚሠራ ተማሪ ግን እየተደናቀፈ ስለሚሄድ የሚማር አይመስለውም።

ማስታወሻሽን ስታነቢ ሁሉም የገባሽ የሚመስለውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነብበው፣ ከፊሎቹ ደግመው እንዲያነቡ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ሳያዩ ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ከትውስታቸው የጻፉት በልጠው ተገኙ። ስለዚህ ማታ መልመጃው ፊት ግራ ስትጋቢ የሚሰማሽ ችግር ክፍል ውስጥ እንዳልተማርሽ የሚያሳይ ማስረጃ ሆኖ አይታይሽ፤ እውቀቱ የአንቺ መሆን የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ለእኔ የክፍል ደስታ ከንቱ አይደለም። ጥያቄው ሊጠየቅ የሚገባው መሆኑን ያሳየሽ እርሱ ነው፤ ያለ እርሱ ማታ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥሽ የፈተና ፍርሃት ብቻ ይሆን ነበር፤ ፍርሃት ደግሞ ፈተናው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። የመምህርሽንም ዝምታ አስተውዪ። ቁጥሮቹን ጽፈው ዝም ሲሉ ገለጻቸውን አቋርጠው እናንተን አሠርተዋችኋል፤ ደስታው ቀኑን ሙሉ አብሮሽ የዋለውም ጥምርታውን ራሳችሁ ስላገኛችሁት ይመስለኛል። እንግዲህ ጓደኛሽ በዚህ ቦታ ተሳስታለች፤ አንቺ የወደድሽው ማዳመጡን ብቻ አይደለም። ማታ ሲከብድሽ ወደ መምህርሽ የቢሮ ሰዓት ሂጂ፤ ይዘሽ የምትሄጂው ግን «አልገባኝም» የሚለውን ሳይሆን የሞከርሽበትን ወረቀት ይሁን። የት ላይ እንደቆምሽ የሚያሳይ ወረቀት ያመጣ ተማሪን መርዳት ለማንኛውም መምህር ቀላልም ደስ የሚያሰኝም ነው።

መልስ፦ ከአንድ የፍልስፍና ተማሪ

ከላይ በተባለው ብስማማም አንድ ነገር መጨመር እፈልጋለሁ። ደስታን ሁልጊዜ ለውጤት ከሚሰጠው ጥቅም አንጻር ብቻ መመዘን ያለብን አይመስለኝም። እኔ ከዋናው ትምህርቴ ውጭ የሥነ ፈለክ ኮርስ ወስጄ ነበር፤ ለሙያዬ አንዳችም አይጠቅመኝም፤ ሆኖም ከዋክብት በዕድሜያቸው ውስጥ የሚያልፉበትን ሂደት ማወቄ ብቻውን በቂ ምክንያት ነበር። የፍልስፍና መግቢያውንም በዚህ መንፈስ ብትይዢው መልካም ነው። ደግሞም እንቅልፍሽን ለመልመጃ አትሠዊ፤ የቀኑ ትምህርት በትውስታ ውስጥ ጸንቶ የሚቀመጠው በእንቅልፍም ጊዜ ነው።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወንድሜ እንደመከርኸኝ ቁጥሮቹን ወደ ስታቲስቲክስ ደብተሬ ወሰድኳቸው። የካይ ስኩዌሩ ዋጋ 0.26 ገደማ መጣልኝ፤ በአንድ የነጻነት ደረጃ (ከጠቅላላው ውስጥ የድቡልቡሎቹ ቁጥር ከታወቀ የተጨማደዱትም ስለሚታወቅ በነጻነት የሚለወጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው) እና በ5 በመቶ ወሰን ከተቀመጠው 3.84 እጅግ ያነሰ ስለሆነ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው ማለት ነው። ስሌቱን ማስታወሻ ሳላይ ነው የሠራሁት፤ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ጀመርኩት፤ ሆኖም ሲያልቅ ያገኘሁት ደስታ ክፍል ውስጥ ከማውቀው በምንም አያንስም። አሁን ሌላ ጥያቄ መጥቶብኛል። መምህርት ሆይ፣ ቁጥሩ ለሦስት ለአንድ ይህን ያህል መቅረቡ ራሱ አያጠራጥርም ወይ? እርስዎ ምን ይላሉ?

ከመምህርቷ

ልጄ፣ ይህ ጥያቄ ከአንቺ በፊትም ተጠይቋል፤ የጠየቀውም ታላቁ የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው ጽሑፍ የሜንዴል ውጤቶች በጥቅሉ ሲታዩ በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ ለንድፈ ሐሳቡ ይቀርባሉ ሲል ተከራከረ፤ ከዚያ ወዲህም ስለ ምክንያቱ ብዙ ተጽፏል። አንድ ሙከራ ብቻውን ቢቀርብ አያስገርምም፤ ጥርጣሬው የሚነሣው ብዙዎቹ አንድ ላይ ሲቀርቡ ነው። ሜንዴል ያጠናው ሰባት ባሕርያትን ስለሆነ፣ የቀሩትን የስድስቱን ቁጥሮች ከመጽሐፍሽ አውጥተሽ ለእያንዳንዳቸው የካይ ስኩዌሩን ዋጋ አስዪ፤ ከዚያም ሰባቱን ደምረሽ ድምሩን ከሰባት የነጻነት ደረጃ ሠንጠረዥ ጋር አመዛዝኚው። ወረቀቱን ይዘሽ ወደ ጄኔቲክስ መምህርሽ ስትሄጂ የስታቲስቲክሱንም መምህር አብረው እንዲያዩት ብትጋብዢያቸው ደስ ይለኛል።