ኤርሶፍት ላይ ስፖተር ሥራው ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ቅዳሜ ከአጎቴ ልጅ ጋር ኤርሶፍት (በትንንሽ የፕላስቲክ ጥይት የሚታኮሱበት ጨዋታ) ልንጫወት ነው። እሱ ስናይፐር (የሩቅ መምቻ መሣሪያ) ይዟል፣ እኔን ስፖተር (ለተኳሹ የሚያይለት ረዳት) አድርጎኛል። አጠገቡ ተኝቼ «እዚያ ጋ ሰው አለ» ከማለት ሌላ ሥራ አለኝ? እኔስ መሣሪያ ልያዝ?

ሸማቂው፦ ያዝ እንጂ! ብዙ ሜዳ ላይ ስናይፐር በ0.20 ግራም ቢቢ (የፕላስቲኳ ጥይት) እስከ 500 ኤፍፒኤስ (ጫማ በሰከንድ) ፍጥነት ይፈቀድለታል። በዚያው ልክ ከ100 ጫማ (30 ሜትር ገደማ) ወዲህ ያለውን ሰው በሱ እንዳይመታ ይከለከላል። ጠጋ ያለው ሁሉ ያንተ ነው። በባትሪ የሚሠራ አጭር መሣሪያ ይበቃሃል። ደንቡ ከሜዳ ሜዳ ስለሚለያይ ቀድመህ ጠይቅ።

ቆቅ፦ ወንድሜ፣ ትልቁ ሥራ ቢቢዋን በዓይን መከተል ነው። 60 ሜትር ለመድረስ አንድ ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅባት ነፋስ ይወስዳታል፣ ሰውየውም ፈቀቅ ይላል። ተኳሹ በስኮፑ (መሣሪያው ላይ ባለው ማነጣጠሪያ መነጽር) ጠባብ እይታ ስለሚያጣት ልክ ከኋላው ሆነህ በትከሻው ላይ ተመልከት፤ ከጎን ካየህ ግራና ቀኙ ይምታታብሃል። ስታርመው «ግማሽ ሜትር» ምናምን አትበል፣ «አንድ ትከሻ ወደ ቀኝ» በለው። ደግሞ ከጨዋታው በፊት ተስማሙ፦ «ግራ» ስትል ቢቢዋ ወደ ግራ ሄደች ነው ወይስ ወደ ግራ አልም? እዚህ ላይ ነው ብዙው ጥንድ የሚጣላው።

ብቸኛው፦ ኧረ ስፖተር የፊልም ነገር ነው። ሁለት ሰው ቶሎ ይታያል። እኔ ብቻዬን ነው የምገባው።

ቆቅ፦ ጠባብ ሜዳ ላይ እውነትህን ነው። ሰፊ ጫካ ውስጥ ግን ጀርባህን ማን ያይልሃል? ካልተኮሱ ራቅ ራቅ ብለው ይተኙ፣ አለዚያ በአንድ እሩምታ ሁለቱም ይወጣሉ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። የአባቴ 10 በ50 አቅራቢ መነጽር አለ፣ ልውሰደው?

እናት ዳኛ፦ ተወው የኔ ልጅ። ይከብዳል፣ ያንቀጠቅጣል፣ መስታወቱም በቢቢ ይሰነጠቃል። ለ60 ሜትር ዓይንህ ይበቃል። የግድ ካልክ ቀለል ያለ ያዝ፤ ግን ለማየት ብለህ የዓይን መከላከያህን ለሰከንድም እንዳታወልቅ! እኔ ዳኛ ሆኜ ሳገለግል ይህን ያደረገውን ወዲያው ነው የማስወጣው። መከላከያው ላይ ዜድ87+ (Z87+) የሚል፣ ኃይለኛ ምት እንደሚችል የሚያሳይ ምልክት መኖሩን እይ። ተመትቶ አልወጣም የሚል ካየህም አትጩህበት፣ ለዳኛ ንገር።