ክላሶቼ በሙሉ ከፖርታሉ ጠፉ፣ ሰኞ ትምህርት ይጀመራል! መላ በሉኝ

ናቲ_ሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጣም አስቸኳይ ነው። ዛሬ ጠዋት ፖርታሉን ስከፍት የተመዘገብኩባቸው ክላሶች አንድም የሉም። ባዶ! ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ሰኞ ትምህርት ይጀመራል። ስደውል ሙዚቃ ብቻ ነው የሚያሰሙኝ። ከክላሶቹ አንዱ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ነው፣ ከነላቡ (ከነቤተ ሙከራው)። የላቡ ቦታ ትንሽ ነው፣ ካመለጠኝ ዓመቱን ሙሉ ያዛባብኛል። የምማረው ሜሪላንድ ካሉት የጥቁሮች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ነው፣ ስሙ ይቅር። እንደዚህ የገጠመው ሰው ካለ እባካችሁ።

ጆሲ፦
ሌላ ብሮውዘር ሞክር። ካሹን አጥፋው።

ቤቲ_ባልቲሞር፦
ናቲዬ፣ መጀመሪያ ሆልድ (ምዝገባህን የሚያግድ ምልክት) አለብህ ወይ? ፖርታሉ ላይ ለብቻው ይታያል። የገንዘብ ነው፣ የክትባት ነው፣ ወይስ የድሮ ትራንስክሪፕት አልደረሰም ነው የሚለው? ይህን ሳትነግረን ምን እንበልህ?

የአሌክሳንድሪያው፦
ሃዋርድ ነው አይደል? የአክስቴ ልጅ እዚያ ነው፣ ላገናኝህ?

ቤቲ_ባልቲሞር፦
ሃዋርድ ያለው ዲሲ ነው፣ ያውም የግል ነው። ልጁ ሜሪላንድ፣ የመንግሥት ብሏል። እነሱ አራት ናቸው፦ ቦዊ ስቴት፣ ኮፒን ስቴት፣ ሞርጋን ስቴትና ፕሪንሰስ አን ያለው ኢስተርን ሾር።

የአሌክሳንድሪያው፦
እሺ ይቅርታ፣ ለመርዳት ብዬ ነው 😀

ዳኒ_ኤፍ1፦
ወንድሜ ተጠንቀቅ! በተማሪ ቪዛ ላይ ከሆንክ ከ12 ክሬዲት በታች መውረድ አትችልም። ቶሎ ብለህ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሂድ። ቀልድ አይደለም፣ ስታተስህ ይበላሻል።

ናቲ_ሜሪላንድ፦
በዲቪ ነው የመጣነው፣ ግሪን ካርድ አለኝ። ሆልዱን አየሁት፣ አንድ ነው፣ ክፍያ ይላል። ግን እኮ ፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት ርዳታ ማመልከቻ) ሞልቻለሁ! በጥር ነው የሞላሁት። እናቴም ደውላ ነበር፣ ስለ እሱ አናናግርሽም አሏት።

እትዬ_ሰናይት፦
ልጄ፣ ቅር አይበልህና ከመጀመሪያው ለምን እዚያ ገባህ? ስንት ኮሌጅ ሞልቶ! ጎረቤቴ ስትነግረኝ ወረፋውና የወረቀት ጣጣው አያልቅም። እኛ ልጆቻችንን ይዘን እዚህ የመጣነው ደህና ቦታ እንዲገቡ ነው።

ሚኪ_ላንግሊፓርክ፦
እትዬ፣ ከይቅርታ ጋር፣ የእኔ ታናሽ እህት ነጮች የሚበዙበት ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው። አምና ክላሷን እንዲሁ ጠርገው አወጡባት። ቢል ሳይከፈል ቀኑ ካለፈ ብዙ ቦታ ይሰርዛሉ። ከጥቁርና ከነጭ ጋር ምን አገናኘው?

እትዬ_ሰናይት፦
እኔ የሰማሁትን ነው የተናገርኩት። ዘር አልቆጠርኩም።

ጋሽ_በቀለ_ጡረተኛው፦
እንግዲህ ነገሩ ከተነሣ አይቀር ልጆች ብታውቁት ጥሩ ነው። በ1890 የወጣው ሁለተኛው የሞሪል ሕግ ስቴቶቹን፣ ወይ ጥቁሮችን ባላችሁበት ኮሌጅ ተቀበሉ፣ ወይ ለብቻቸው ኮሌጅ አዘጋጁላቸው አላቸው። የደቡቦቹ ሁለተኛውን መረጡ። ሜሪላንድም ፕሪንሰስ አን ያለውን በዚህ ሕግ ያዘች። ኮሌጅ ተከፈተ እንጂ ገንዘቡ እኩል አልተሰጠም። በ2006 ሜሪላንድ ተከሰሰች። የክሱ ዋና ነገር፣ ስቴቱ ጥቁሮቹ ኮሌጆች የነበሯቸውን የትምህርት ዘርፎች በአቅራቢያቸው ባሉ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች እየደገመ ተማሪ አሳጣቸው የሚል ነበር። ጉዳዩ ተጎትቶ ተጎትቶ በ2021 ነው ያለቀው። ስቴቱ ለአራቱ በአሥር ዓመት ውስጥ 577 ሚሊዮን ዶላር እንዲሰጥ ተስማማ። ስለዚህ እትዬ ሰናይት፣ ወረፋ ሲረዝም ሰዎቹ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። የስንት ዘመን ጉድለት ነው። ደግሞ የእኛ ሰው ለእነዚህ ኮሌጆች እንግዳ አይደለም። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማረው ሃዋርድ ነው። ጣሊያን በወረረን ጊዜ የአሜሪካን ጥቁሮች አስተባብሮ በ1937 ኒው ዮርክ ላይ ኢትዮጵያን ወርልድ ፌዴሬሽንን ያቋቋመ ሰው ነው።

ሚኪ_ላንግሊፓርክ፦
ጋሼ፣ ትክክል ነዎት፣ ግን ልጁ ለሰኞ ክላስ አጣሁ እያለ እርስዎ ገና 1890 ላይ ነዎት 😂

ጋሽ_በቀለ_ጡረተኛው፦
መሠረቱን ሳያውቁ ጣራ አይጠገንም።

ጆሲ፦
በስልክ ሳይሆን በላፕቶፕ ክፈተው። አንዳንዴ በስልክ አያሳይም።

ሳምሪ_ኤይድ፦
ናቲ፣ እኔ ሌላ ኮሌጅ ፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ ርዳታ) ቢሮ ነው የምሠራው። አንድ ጥያቄ ብቻ መልስልኝ። አምናም እዚያው ነበርክ? ወይስ ዘንድሮ ነው የገባኸው?

ናቲ_ሜሪላንድ፦
ዘንድሮ ነው፣ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በትራንስፈር። አምና ፔል ግራንት (የማይመለሰው የመንግሥት ርዳታ) ሙሉውን ይሸፍንልኝ ነበር፣ ምንም ችግር አልነበረም። ደግሞ አሁን ሳየው ቢሉ ላይ አውት ኦፍ ስቴት ይላል። ይሄ ደግሞ ምንድነው? ሜሪላንድ ነው እኮ የምኖረው!

ቤቲ_ባልቲሞር፦
ይህን ነበር ከመጀመሪያው መናገር 🤦🏾‍♀️

ሳምሪ_ኤይድ፦
አሁን ገባኝ። ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ አትደበላልቃቸው።

ፋፍሳህን በጥር ስትሞላ ገና አዲሱ ዩኒቨርሲቲ አልተቀበለህም ነበር መሰለኝ። ያስገባኸው የኮሚዩኒቲ ኮሌጁን ኮድ ብቻ ከሆነ መረጃህ የሚደርሰው እዚያ ብቻ ነው። አዲሶቹ ሰዎች ፋፍሳ መሙላትህን በጭራሽ አያውቁም። እነሱ የሚያዩት ያልተከፈለ ቢል ነው፣ ስለዚህ ቀኑ ሲደርስ ሲስተሙ ጠረገህ። አሁኑኑ በራስህ አካውንት ስቱደንት ኤይድ ድረ ገጽ ላይ ግባ፣ የሞላኸውን ፎርም ክፈት፣ አዲሱን ዩኒቨርሲቲ ፈልገህ ጨምር። እስከ 20 ኮሌጅ ስለሚይዝ የድሮውን ማጥፋት አያስፈልግም። የዘንድሮውን የትምህርት ዓመት ፎርም መክፈትህን እይ፣ ብዙ ሰው የአምናውን ነው የሚያስተካክለው። ከዚያ አንድ ሁለት ሦስት የሥራ ቀን ይፈጃል። እስኪደርሳቸው ማረጋገጫውን አትመህ ያዝ።

አውት ኦፍ ስቴት የሚለው የሌላ ስቴት ነዋሪ ነህ፣ በውድ ክፈል ማለት ነው፤ የፋይናንሻል ኤይድ ጉዳይ አይደለም። ስታመለክት ስለ መኖሪያ የሚጠይቀውን ክፍል ባዶ ትተኸው ወይም በግማሽ ሞልተኸው ይሆናል፣ ያኔ ብዙ ጊዜ አውት ኦፍ ስቴት ያደርጉሃል። የመኖሪያ ማስለወጫ ፎርም አለ። ቢያንስ 12 ተከታታይ ወር ሜሪላንድ መኖርህን ማሳየት አለብህ። በወላጆችህ ሥር ከሆንክ የሚታየው የእነሱ ነው፦ የኪራይ ውል፣ የስቴት ታክስ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የመኪና ምዝገባ። ፎርሙ የመጨረሻ ቀን አለው፣ ካለፈህ ይህን ሴሚስተር ሙሉ በውድ ትከፍላለህ። ቀኑን ዛሬውኑ አጣራ።

እናትህን ያላናገሯት ተንኮል አይደለም። ከ1974 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው፣ አንተ ካልፈረምክ ብዙ ጊዜ ስለ መዝገብህ ለወላጅ አይናገሩም። መፈረሚያው ቅጽ እዚያው ይሰጥሃል።

ጆሲ፦
እኔም ልለው የነበረው ይህንኑ ነው።

ሚኪ_ላንግሊፓርክ፦
ጆሲ አንተ ብሮውዘርህን ያዝ 😂

ፍሬ_ምሩቅ፦
እኔ ከአራቱ በአንዱ ነው ባዮሎጂ የጨረስኩት። ሳምሪ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። ሰኞ ላይ ግን አያደርስህም። ነገ በአካል ሂድ። በር ሳይከፈት ድረስ፣ ቻርጀር ያዝ፣ ምሳ ያዝ። ወረፋ ቁጥር የሚሰጡ ከሆነ ቁጥርህን ሳትይዝ ሽንት ቤት እንኳ አትሂድ።

መስኮቱ ጋ ስትደርስ ቀጥታ ችግርህን እንዳትዘረግፍ! መጀመሪያ ጉድ ሞርኒንግ። እንዴት አደሩ። ደረቷ ላይ ስሟ ተጽፎ ታገኘዋለህ፣ ሚስ ብለህ በስሟ ጥራት፣ የስ ማም በል። እዚያ ቤት ሰላም ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት እንደ እኛው አገር ነውር ነው። ከፊቴ አንድ ልጅ ሲጮህ "ቤቢ፣ ሰኞ ተመለስ" ብላ መለሰችው። እኔን ግን ስልኳን አንሥታ ሌላ ቢሮ ደውላ ጨረሰችልኝ።

የክፍያ ዕቅድ እንዲያስገቡህ ጠይቅ። የመጀመሪያውን ድርሻ ከከፈልክ ብዙ ጊዜ ሆልዱ ይነሣል፣ ፔሉ ሲገባ ሂሳቡ ይስተካከላል። ትንሽ የማይመለስ የመመዝገቢያ ክፍያ ይኖረዋል። ፋይናንሻል ኤይዱ በመንገድ ላይ መሆኑን አሳያቸውና አውት ኦፍ ስቴቱ እስኪስተካከል ድርሻውን ይቀንሱልኝ ብለህም ሞክር።

ሚኪ_ላንግሊፓርክ፦
ዕቁብ ነው በይው፣ ቶሎ ይገባዋል።

ፍሬ_ምሩቅ፦
ዕጣው የማይደርስህ ዕቁብ 😀 አንድ ነገር ረሳሁ። ሆልድ ተነሣ ማለት ክላሱ ተመለሰ ማለት አይደለም። አንተ በወጣህበት ሰዓት ሌላ ሰው ገብቶበት ይሆናል። ዛሬ ማታ ለኦርጋኒኩ መምህርና ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ ኢሜይል ጻፍ፣ አጭር። ስምህ፣ የተማሪ ቁጥርህ፣ የክላሱና የሴክሽኑ ቁጥር፣ በክፍያ ምክንያት መሰረዝህ፣ ሙሉ ከሆነ ፈቃድ እንዲሰጡህ። የላቡን ሴክሽን ለብቻው ጥቀስ፣ ራሱን የቻለ ቁጥር አለው። ፈቃዱን ኮምፒውተር ላይ የምታስገባው ደግሞ ብዙ ጊዜ የኃላፊው ጸሐፊ ናት፣ ቢሮዋን ፈልጋት። ሰኞ ስምህ ባይኖርም ክላስ ገብተህ ቁጭ በል፣ መምህሩን አናግረው። ኮሌጁ ትልቅ ስላልሆነ በሁለተኛው ሳምንት በስምህ ይጠሩሃል። ሆምካሚንግ (የቀድሞ ተማሪዎች የሚመለሱበት በዓል) ሲመጣ ደግሞ ማርቺንግ ባንዱን ስታይ ይህን ሁሉ ትረሳዋለህ።

እትዬ_ሰናይት፦
ሰላምታው ግን ደስ አለኝ። በጎ ሰዎች ናቸው ማለት ነው።

ናቲ_ሜሪላንድ፦
ሳምሪ!!! አሁን አየሁት፣ ኮዱ የድሮው ኮሌጅ ብቻ ነው! ጨምሬያለሁ፣ ማረጋገጫውም መጣልኝ። የኪራይ ውሉ በአባቴ ስም ነው፣ እሱን ይዤ እሄዳለሁ። ለመምህሩም ጽፌያለሁ። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ።

ዳኒ_ኤፍ1፦
በሐበሻ 2 ነው ወይስ በፈረንጅ? ጥበቃ እንዳያስወጣህ 😂

ቤቲ_ባልቲሞር፦
(ማክሰኞ) ናቲ፣ ምን ሆነ? ላቡን አገኘኸው?

ፍሬ_ምሩቅ፦
(ዓርብ) ናቲ?

ሚኪ_ላንግሊፓርክ፦
ከተሳካለት ላብ ሪፖርት እየጻፈ ነው። ካልተሳካለትም አሁንም ወረፋ ላይ ነው።

ሜሮን_ኖርፎክ፦
ሰላም፣ እኔም ክላሴ ጠፋብኝ ግን የእኔ ሆልድ የክትባት ነው። የአዲስ አበባው የክትባት ካርዴ በአማርኛ ነው የተጻፈው፣ አልተቀበሉኝም። ምን ላድርግ?

ቤቲ_ባልቲሞር፦
ሜሮንዬ፣ ለእሱ ራሱን የቻለ ጥያቄ ክፈቺ፣ እዚህ ማንም አያይልሽም። እስከዚያ ግን ሐኪም ጋ ሄደሽ የኩፍኝና የጉድፍ መከላከያ መኖሩን የሚያሳይ የደም ምርመራ አሠሪ፣ ብዙ ኮሌጆች በካርዱ ፋንታ ይቀበሉታል።