የሉዊ 16ኛ ዘመን ነው የተባለ ትሩሞ መስታወት፦ ብርጭቆው ይቀየር ወይስ ይተው?

ዕቃ ፈላጊዋ (ሜሪላንድ)
ጤና ይስጥልኝ። አንድ የፈረንሳይ ትሩሞ (በመስኮቶች መካከል ወይም ከእሳት ምድጃ በላይ የሚሰቀል ረጅም) መስታወት ለሽያጭ ቀርቦልኛል። ሻጩ «ሉዊ 16ኛ፣ 1780 አካባቢ» ይላል። ቁመቱ 165፣ ስፋቱ 95 ሴንቲ ሜትር ነው። አናቱ ላይ የሪባን ቋጠሮና የሎረል ጉንጉን አለው፤ ፍሬሙን ዙሪያውን ዶቃ የመሰለ ጌጥ ይዞታል። ቀለሙ ግራጫ ሆኖ ጌጡ ወርቅ ቅብ ነው። መስታወቱ ከሁለት ቁራጭ የተገጠመ ሲሆን የታችኛው ጠርዝ ጠቁሯል፣ ነጠብጣብም ጥሎበታል። ወርቁ ጥቂት ቦታ ላይ ነጩ እስኪታይ ተልጧል። ዘመኑን በምን ላረጋግጥ? መስታወቱን በአዲስ ላስቀይረው? ወርቁስ በምን ይጸዳል?

የድሮ እንጨት
እህቴ፣ ከፊት ሆነሽ ብዙ አትድከሚ፤ ዙሪና ከጀርባ እዪው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የጀርባው ሰሌዳ ሲነሳ የመስታወቱ ጀርባ ቀለም ያልተቀባ፣ ፈዛዛ ብርማ ግራጫ ከሆነ የቆርቆሮና የሜርኩሪ ልባስ ነው። ቀይ ወይም ቡናማ ቀለም ተቀብቶ ካገኘሽው ግን ብር ነው። ብርጭቆን በብር የማልበሱን ኬሚስትሪ ጀርመናዊው ኬሚስት ሊቢግ ያሳወቀው በ1835 ነው፤ በገበያ የተስፋፋው ደግሞ በክፍለ ዘመኑ ሁለተኛ አጋማሽ። ስለዚህ ብር ከሆነ ያ መስታወት የ1780 ሊሆን አይችልም። ሜርኩሪ ከሆነ ግን «1780 ነው» ብለሽ አትደምድሚ፤ እስከ 1900 ገደማ ይሠራበት ነበር። አብዛኛው ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ የብዕር ጫፍ መስታወቱ ላይ አስነክተሽ በጫፉና በምስሉ መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከቺ። ብዕሩን ከዳር እስከ ዳር ስትወስጂው ክፍተቱ ሰፋ ጠበብ ካለ የብርጭቆው ውፍረት እኩል አይደለም፤ የድሮ ሥራ መሆኑን ይጠቁማል። የዛሬው የፋብሪካ ብርጭቆ ከጫፍ ጫፍ እኩል ነው። ሁለት ቁራጭ መሆኑ አያስደንግጥሽ፤ በዚያ ዘመን ትልቅ ብርጭቆ እጅግ ውድ ስለነበር ትሩሞ በሁለት ቁራጭ መሥራት የተለመደ ነበር። ጠርዙ ሰፊና ጥልቅ ሆኖ በሰያፍ ከተሞረደ ግን ተጠራጠሪ።

ዶቃውንም በአጉሊ መነጽር እዪው። በእጅ ሲቀረጽ አንዱ ዶቃ ከሌላው ትንሽ ይለያል። ያው አንድ ጉድለት በየተወሰነ ርቀት እየተደጋገመ ከመጣ ግን በቅርጽ ማውጫ የተጠፈጠፈ የጠመኔና የኮላ ሊጥ ነው። ይህ ሊጥ ሲደርቅ ስለሚኮማተር የእንጨቱን ክር ሳይከተል ጌጡን አቋርጦ ይሰነጠቃል። በእንግሊዝ በአርክቴክቱ ሮበርት አዳም ዘመንም (በ18ኛው ክፍለ ዘመን) ይሠራበት ስለነበር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የፈረንሳይ ነው ተብሎ ጌጡ በሙሉ ሊጥ ከሆነ ግን ሐሳቤ ወደ ናፖሊዮን ሣልሳዊ ዘመን፣ ወደ 1852–1870 እና ከዚያ ወዲህ ያዘነብላል። የናፖሊዮን ሚስት እቴጌ ኢዩጂኒ የሉዊ 16ኛን ሚስት ማሪ አንቷኔትን ታደንቅ ስለነበር የሉዊ 16ኛ ስታይል ያኔ እንደገና ፋሽን ሆኗል። ዛሬ በገበያ ላይ «ሉዊ 16ኛ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው የዚያ ትውልድ ነው። ያም ቢሆን ጥሩ ዕቃ ነው፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው።

መስታወቱን አታስቀይሪ።

ወርቅ ቀቢ
ስለ ወርቁ ልጨምር። እርጥብ ጨርቅ እንዳያስነኩት! ፈረንሳዮች እንዲህ ላለ ጌጥ በብዛት የተጠቀሙት የውሃ ወርቅ ቅብ ነው። ከሥሩ ጠመኔና የእንስሳ ኮላ፣ በላዩ ቀይ ወይም ቢጫ ሸክላ፣ ከዚያ የወርቁ ቅጠል። ሁሉንም የያዘው ኮላ ውሃ ያሟሟዋል። በአንድ ማጽዳት ወርቁ ይነሳና ቀዩ ይወጣል፤ ብዙ ሰው ይህን እያየ «ቆሻሻው ለቀቀ» ይላል።

መጀመሪያ በደረቅ የፍየል ጠጉር ብሩሽ አቧራውን ብቻ ያራግፉ። የማይታይ ቦታ ላይ ደግሞ ጭምቅ ብሎ የረጠበ ጥጥ አንዴ ያንከባሉ። ጥጡ ቀይ፣ ቢጫ ወይም ወርቅ ካነሳ ያቁሙ። በስርጉዱ ውስጥ አረንጓዴ ያዘለ ቡናማ ካዩ ያ ወርቅ አይደለም፤ አንድ ሰው የነሐስ ዱቄት ቀለም ቀብቶበታል። እሱን ማንሳት የባለሙያ ሥራ ነው።

የተላጠውን ከመሙላትዎ በፊት የላላውን ያጣብቁ። ከስንጥቁ ውስጥ ግማሽ አልኮል ግማሽ ውሃ ጠብ ያድርጉ፤ አለዚያ ኮላው አይሰርግም። ከዚያ 5 በመቶ የሆነ ለብ ያለ የጥንቸል ቆዳ ኮላ በመርፌ ያስገቡና የማይጣበቅ ወረቀት ጣል አድርገው 24 ሰዓት በቀስታ ይጫኑት። ነጭ ኮላ አይጠቀሙ፤ በኋላ የሚያነሳው የለም።

ለመሙያው 70 ግራም ኮላ በ1 ሊትር ውሃ አሳድረው በሙቅ ውሃ ላይ ያሟሙ፤ ከ60 ዲግሪ ካለፈ ኃይሉን ያጣል። የተነፋ ጠመኔ እየነሰነሱ ውሃው ላይ ተቆልሎ እስኪታይ ይጨምሩ። አይምቱት፤ አረፋው ሲደርቅ የመርፌ ቀዳዳ ይሆናል። ከ6 እስከ 8 ስስ ቅብ ይበቃል። የላይኛው ቅብ ኮላ ከታችኛው ከበረታ ሲደርቅ ስቦ ያነሳዋል፤ ከወር በኋላ የሚረግፈው አብዛኛው ጥገና በዚህ ነው። ሸክላውን ቀብተው ወርቁን ካሳረፉ በኋላ በመወልወያው አጌት ድንጋይ በቀስታ ያንኳኩት፦ ደረቅ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰጠ ለመወልወል ደርሷል። ድፍን ያለ ድምፅ ከሆነ ገና ነው፣ ወርቁ ይቀደዳል። ጥፍር ለሚያህል ጉድለት ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ነጩን በውሃ ቀለም ከአካባቢው ጋር ማመሳሰል ይበቃል።

ዕቃ ፈላጊዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጀርባውን አየሁት፦ ቀለም የለውም፣ ግራጫ ነው። ከታች በፍሬሙ ስርጉድ ውስጥ ደቃቅ፣ ብር የመሰሉ ጠብታዎች አሉ። የሰሌዳው ቪቴዎች ጫፋቸው ድፍን ነው፣ የአናታቸው መሰንጠቂያም መሃሉን ስቷል።

መስታወት ሰቃይ
ቪቴዎቹ መልካም ምልክት ናቸው፤ ሹል ጫፍ ያለው ቪቴ የተለመደው ከ1840ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። ሰው ሌላ ቦታ የነበረ ቪቴ ሊያዛውር ስለሚችል ቀዳዳው ከቪቴው ጋር እንደሚገጥም እዪ።

ጠብታዎቹ ግን ሜርኩሪ ናቸው። ልባሱ ሲያረጅ ፈሳሹ ወደ ታች ይወርዳል፤ ታችኛው ጠርዝ ቀድሞ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። በቫኪዩም አትጥረጊ፣ ትነቱን ቤት ውስጥ ይበትነዋል። መስኮት ክፈቺ፣ ጓንት አድርጊ፣ በጠንካራ ወረቀት ሰብስበሽ በሚከደን ብልቃጥ ውስጥ አድርጊና የካውንቲው የአደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ጋ ውሰጂ። መስታወቱን አትገልብጪ፣ አታስተኚም፤ በጓዝም ቢሆን እንደቆመ ይሂድ። ከማሞቂያና ከቀጥታ ፀሐይ ይራቅ። ወደ አዲስ አበባ ካሰብሽው በመርከብ ይሁን፤ ፈሳሽ ሜርኩሪ አሉሚኒየም ስለሚበላ በአውሮፕላን ጭነት ጥብቅ ገደብ አለበት።

በአንድ ነገር ከየድሮ እንጨት እለያለሁ። ልጆች ባሉበት ቤት ከሆነና ጠብታው ካላቆመ የድሮውን አውጥቶ፣ አቁሞና አሽጎ ማስቀመጥ፣ በቦታው ስስ መስታወት መግጠም ነውር የለውም፤ ፍሬሙ እስካልተቆረጠ ድረስ።

ስትሰቅዪው ክብደቱን አስቢ፦ 4 ሚሊ ሜትር ብርጭቆ በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ነው፣ እንጨቱ ሳይቆጠር። በጂፕሰም ግድግዳ ላይ በ45 ዲግሪ የተሰነጠቀ ጣውላ ግማሹን በግድግዳው ውስጥ ካሉት ቋሚዎች ጋር (አብዛኛውን ጊዜ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ናቸው)፣ ግማሹን ከፍሬሙ ዋና እንጨት ጋር እሰሪ፣ ከግርጌም የሚያርፍበት ጣውላ ይኑረው። ከአናቱ ጌጥ ሽቦ አታንጠልጥዪ።

የድሮ እንጨት
ልጆች ካሉ እስማማለሁ። ግን የወጣው መስታወት የትኛው ወገኑ ወደ ላይ እንደነበር በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍበት፣ ከፍሬሙም ጋር አብሮ ይሸጥ። ለሻጩ ደግሞ ጌጡ ሊጥ መሆን አለመሆኑን ሳታረጋግጪ የ1780 ዋጋ አትክፈዪ።