«ድሪሚንግ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ወለተ ፊደል፦ ሰላም ቤተሰቦች። ሜልበርን ነው የምኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ለምናስተምራቸው ልጆች ስለ አቦርጂናል (የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች) ሥዕል አንድ ገጽ እያዘጋጀሁ ነበር፤ የሥዕሎቹ ርዕስ ላይ ተያዝኩ። «ሃኒ አንት ድሪሚንግ» ይላል። «የማር ጉንዳን ሕልም» ብዬ ጻፍኩና ለልጄ አነበብኩለት። «ጉንዳኑ ነው ያለመው ወይስ ሰውዬው ጉንዳን በሕልሙ አየ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

የቆሎ ተማሪው፦ እህቴ፣ ልጅሽ እንግሊዝኛውንም ነው ያፋጠጠው። ጉንዳኑም አላለመም፣ ሰውዬውም ተኝቶ አላየም። የእኛ «የ» ደግሞ ሁለቱንም ስለምትሸከም ነገሩን ታባብሰዋለች።

ጉራማይሌ፦ «ሕልም እልም» ብለን የምናባርረውን ነገር ለሰው ሃይማኖት ስም ማድረግ ይከብዳል 😅

ሰዋስው፦ ልጄ፣ ጥፋቱ የቆየ ስለሆነ አንቺን አይመለከትም። ቃሉ የተነሣው በመካከለኛው አውስትራሊያ፣ በአሊስ ስፕሪንግስ አካባቢ ከሚነገረው ከአረርንታ ቋንቋ ነው። እነሱ «አልቼራ» ይላሉ። በ1890ዎቹ የአሊስ ስፕሪንግስ ቴሌግራፍ ጣቢያ ኃላፊ የነበረው ፍራንክ ጊለን ይህን ወደ እንግሊዝኛ «የሕልም ዘመን» ብሎ መለሰው። ከሜልበርን ዩኒቨርሲቲው የባዮሎጂ ፕሮፌሰር ከባልድዊን ስፔንሰር ጋር በ1899 ያሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ ነገሩን ለዓለም አዳረሰው። እዚያው ሄርማንስበርግ የነበረው የሉተራን ሚስዮናዊ ካርል ሽትሬሎ ትርጉሙን ተቃውሞ ነበር፤ የሰማው ግን አልነበረም።

ጊለን ያለ ምክንያት አልተሳሳተም። አረርንታዎች «ሕልም አየሁ» ለማለት የሚሉት ቃል በቃል «አልቼራን አየሁ» ነው። ይህን አማርኛ ተናጋሪ ቶሎ ይረዳዋል፤ እኛም ሕልምን እናየዋለን። የተኛ ሰው አልቼራን ሊያይ ይችላል፤ አልቼራ ግን ሰው ተኛ አልተኛ አለ። እንስሳም ሰውም የነበሩት አባቶችና እናቶች ምድርን እየዞሩ ተራራውን፣ ኩሬውን፣ ሕጉን ያኖሩበት ነገር ነው፤ አልፎ የቀረ ዘመንም አይደለም። ስታነር የተባለው አንትሮፖሎጂስት በ1953 ግራ ቢገባው «ሁሉ» እና «መቼ» የሚሉትን ያጣበቀ «ኤቭሪዌን» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ተጠቀመለት።

ጉራማይሌ፦ «ተረት» ብንለውስ? ካንጋሮ አለ፣ እባብ አለ፣ እንሽላሊት አለ…

የቆሎ ተማሪው፦ የለም! «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን የምንቀበለው ፈጠራ እንደሚከተል ተስማምተን ነው። ኡሉሩ ከሚባለው ትልቅ ዓለት ሥር፣ ሙቲጁሉ ኩሬ ጋ ዘንዶዋ ኩኒያ መርዘኛውን እባብ ሊሩን የመታችበት ምልክት ዓለቱ ላይ ይታያል ይላሉ የአገሩ ባለቤቶች አናንጉዎች። ገደል እያሳየህ «እዚህ ነው የመታችው» የምትለው ነገር ተረት አይባልም።

የሠዓሊውን የክሊፎርድ ፖሰም ጃፓልጃሪን «ዋርሉጉሎንግ» የተባለ ሥዕል ተመልከቱ። 1977 ላይ የተሳለ ነው። ሉንግካታ የሚባል ሰማያዊ ምላስ ያለው እንሽላሊት፣ እሱም ሰው ነው፣ ሁለት ልጆቹ ካንጋሮ ገድለው ሳያካፍሉት በሉ። ተቆጥቶ እሳት ለቀቀባቸው። ሥዕሉ ላይ እንሽላሊት አትፈልጉ፤ የምታዩት እሳቱን፣ አጽማቸውንና የሌሎች ተጓዦችን ዱካ ነው። 2007 ላይ በ2.4 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተሸጠ፤ መጀመሪያ የተሸጠው በ1,200 ነበር። እዚያ ሸራ ላይ ያለው ሕግ ነው፦ ያደንከውን አካፍል።

ወለተ ፊደል፦ ለልጆቹ ምልክቶቹን አስተምሬያቸዋለሁ። የፈረስ ኮቴ የመሰለው ቅርጽ ሰው አሸዋ ላይ ተቀምጦ ሲነሣ የሚተወው አሻራ ነው፤ ክብ በክብ ውስጥ ሰፈር ወይም የውኃ ጉድጓድ። ከጉንዳኑ የጀመርኩት በመካከለኛው አውስትራሊያ ባለችው መንደር በፓፑንያ ምክንያት ነው። ቦታው የማር ጉንዳን አገር ነው፤ ከመሬት ሥር ሆዱ በማር አብጦ የሚንጠለጠለውን ቆፍረው ያወጡታል። 1971 ላይ ጄፍሪ ባርደን የሚባል አስተማሪ አበረታቷቸው ሽማግሌዎቹ ያንኑ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሳሉ፤ በዓመቱ የራሳቸውን የሠዓሊዎች ድርጅት አቋቋሙ። ግድግዳው በኋላ በቀለም ተሸፈነ። እሱን ለልጆቹ ስነግራቸው በጣም ተናደዱ።

ጉራማይሌ፦ ሥዕሎቹ ላይ ያሉት ነጠብጣቦችም ምሥጢር መሸፈኛ ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። ሰምና ወርቅ ነዋ!

ሰዋስው፦ ቀስ በል ወንድሜ። በእኛ ቅኔ ወርቁ የፈታው ሰው ነው፤ የቆሎ ተማሪ ሌሊቱን ካሰበበት ያገኘዋል። እዚያ ግን ብልህ በመሆን አታገኘውም፤ መብት ያስፈልግሃል። ዋርልፒሪ በሚባሉት ሕዝቦች ዘንድ ታሪኩ በአባቱ በኩል የሚደርሰው «ኪርዳ» ይባላል፤ በእናቱ በኩል የሆነው «ኩርዱንጉርሉ» በትክክል መሳሉን ይጠብቃል። ያለ ሁለቱ አይሆንም። እኔስ «ርስት» ወደሚለው ነው የምጠጋው። መሬቱም ታሪኩም ሥዕሉም አብሮ የሚወረስ።

የቆሎ ተማሪው፦ ጋሼ፣ ርስት ጥሩ ነው፤ ግን እኛ ርስት አለን እንጂ ርስት ነን አንልም። እዚያ ሰውየው የጉንዳኑ ዘር ነው። ግእዙን «ዓለም» ለምን አንሞክረውም? «ለዓለመ ዓለም»፣ «እምቅድመ ዓለም»፣ ጊዜም ነው ቦታም ነው።

ጉራማይሌ፦ «አለመ»ም ከዚያው አይደል የመጣው? ሕልምና ዓለም ዘመድ ሆኑልን ማለት ነው!

ሰዋስው፦ አይደሉም። ሕልም በሐመሩ ሐ፣ «ሐለመ» ነው፤ ዓለም በዐይኑ ዐ። ጆሯችን ነው ያዛመዳቸው። ሐሳቡን ግን ወድጄዋለሁ፤ ችግሩ የዛሬ አንባቢ «የማር ጉንዳን ዓለም» ሲባል ስለ ነፍሳት የተሠራ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ይመስለዋል።

ወለተ ፊደል፦ 😂 እውነት ነው! እንግዲያው ቃሉን እንዳለ ብወስደውስ? ካንጋሮም ከኩክታውን አካባቢ ከጉጉ ይሚዲር ቋንቋ ወጥቶ እኛ ድረስ መጥቷል። ግን አልቼራ የሚሉትን ነገር በሌሎቹ ቋንቋዎች አንዱ ጋ «ቹኩርፓ» አንዱ ጋ «ጁኩርፓ» ተብሎ አያለሁ።

ሰዋስው፦ አንድ ድምፅ ነው። ፒጃንጃራና ዋርልፒሪ የሚባሉት ቋንቋዎች «ች» እና «ጅ»ን አይለዩም፤ የለየው የላቲን አጻጻፋቸው ነው። በአማርኛ መምረጥ ግድ ነው፤ ፓፑንያ ከሆነ በ«ቹ» ጻፊው። አረርንታ ስትጽፊ ግን «አልቼራ» በይ፤ የአንዱን ሕዝብ ቃል ለሁሉም አታልብሺ።

ወለተ ፊደል፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። «የማር ጉንዳን ቹኩርፓ፣ ፓፑንያ» ብዬ ጻፍኩት። ከሥሩ ሁለት መስመር ማብራሪያ አደርጋለሁ።

የቆሎ ተማሪው፦ በ«ጳ» እንዳይሆን ብቻ። እሱን ለጳውሎስ ተይለት።