ጥቆማ፦ ደንበኛ ሐሳቡን ሲቀይር ትዕዛዙ በየት በኩል ይታረም? ለድሬና ለሐረር ሻጮች

ድሬ ውስጥ ከዚራም ሆነ ታይዋን ሰፈር፣ መጋላም ሆነ ሳቢያን ሱቅ ይዛችሁ በጎን በስልክ የምትሸጡ ሰዎች የምትጠይቁት ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ትዕዛዝ የምቀበልበት ጥሩ ነገር ጠቁሙኝ» ነው። ትዕዛዝ መቀበልማ አይከብድም። ጣጣው የሚመጣው ደንበኛዋ ማታ ሦስት ድሪያ (ቀሚስ) አዝዛ ጠዋት «አንዱን ተዉት፣ አንዱን በአረንጓዴ አድርጉልኝ፣ ሽቲ ቀሚስም ጨምሩበት» ስትል ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን ሁሉ ያየኋቸው በዚህ በኩል ነው። የገባ ትዕዛዝ ሲቀየር ምን ይሆናል?

አብዛኞቻችን ካለንበት ልጀምር፤ በቴሌግራም ቻት ብቻ መሸጥ። ነፃ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሎኬሽንም ይላክበታል። እኛ አገር ሎኬሽን ትልቅ ነገር ነው። ባጃጅ ሾፌር በቤት ቁጥር ቤት አያገኝም። ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ቴሌግራም ላይ ሰው የላከውን መልእክት እስከ 48 ሰዓት ድረስ ማረም ይችላል። ሲያርመው ለእናንተ አዲስ ማሳወቂያ አይመጣም። መልእክቱ ጥግ ላይ መታረሙን የምታሳይ ትንሽ ጽሑፍ ብቻ ትወጣለች። ደንበኛው «ቀይ» ያለውን «ጥቁር» ብሎ ያርመዋል፣ እናንተ ትናንት ያነበባችሁትን ቀይ አሽጋችሁ ትልካላችሁ። ከዚያ «እኔ ጥቁር ነው ያልኩት፣ እየው!» ይመጣል። እውነቱንም ነው። በቀን የሚመጣላችሁ ትዕዛዝ ጥቂት ከሆነ በዚሁ ቀጥሉ። ከማሸጋችሁ በፊት ግን የመጨረሻውን ዝርዝር ራሳችሁ በአዲስ መልእክት ጻፉና «ይሄ ነው አይደል?» በሉ። እሺታውን ሳታዩ አትላኩ።

ቀጥሎ ጉግል ፎርም፤ ደንበኛው በሊንክ ገብቶ የሚሞላው መጠይቅ። ነፃ ነው፣ ለጀማሪ እኔ የምጠቁመውም እሱን ነው። ግን ሴቲንጉ ውስጥ ያለችውን አንዲት ነገር ክፈቱ፤ የሞላው ሰው ምላሹን መልሶ እንዲያርም የምትፈቅደዋን። እሷ ካልተከፈተች ደንበኛ ሐሳቡን በቀየረ ቁጥር ፎርሙን እንደ አዲስ ይሞላል። ምላሾቹ የሚሰበሰቡበት ሰንጠረዥ (ጉግል ሺት) ላይ አንድ ሰው ሁለትና ሦስት መስመር ይይዛል፣ እናንተም የቱ እንደሆነ ስትደውሉ ትውላላችሁ። ከተከፈተች ግን ፎርሙን ሲልክ የማረሚያ ሊንክ ይወጣለታል። በዚያ ገብቶ ሲያስተካክል የሚቀየረው እዚያው የድሮ መስመሩ ነው።

ችግሩ ሊንኩን ደንበኛው ካላስቀመጠው ይጠፋበታል። በኢሜይል እንዲደርሰው ማድረግ ይቻላል፣ ግን ስንቱ ደንበኛችን ነው ኢሜይሉን የሚከፍት? የሚሻለው ፎርሙ ሲያልቅ በሚወጣው መልእክት ላይ «የማረሚያውን ሊንክ ኮፒ አድርገው በቴሌግራም ይላኩልን» ብሎ መጻፍ ነው። ያኔ ሊንኩ ከእናንተም ጋር ይሆናል፣ ከእሱም ጋር።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው የብዙ ሱቅ ራስ ምታት ነው። ሺቱ ላይ በእጃችሁ ያረማችሁት ነገር ወደ ፎርሙ አይመለስም። ደንበኛዋ ደውላ «ሁለት አድርጉት» ትላለች፣ እናንተ ሺቱ ላይ 3ን 2 ታደርጋላችሁ። ማታ ሊንኩን ስትከፍት ፎርሙ አሁንም 3 ይላታል። እሷ ግራ ይገባታል፣ እናንተም የቱ እንደጸና አታውቁም። ስለዚህ በር አንድ ይሁን። በስልክ ቢነገራችሁም ለውጡን በማረሚያ ሊንኩ በኩል አስገቡት። ሺቱን ለማንበቢያ ብቻ ተዉት።

ፎርሙ የማይችለውንም እወቁ። አረንጓዴው ማለቁን አያውቅም፣ ሒሳብ አይደምርም። ባጃጁ ከወጣ በኋላ የአንድን ደንበኛ ማረሚያ ለብቻው መዝጋትም አይቻልም። ከዘጋችሁ ለሁሉም ነው የሚዘጋው።

ሺቱ ውስጥ የሰው ስልክና ሰፈር እንዳለም አትርሱ። «ሊንኩ ያለው ሁሉ ይየው» ብላችሁ ለዴሊቨሪ ልጆች የምትበትኑ አላችሁ። በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። አዋጅ ባይኖርስ የአንዲት ሴት ስልክና የቤቷ ሰፈር በየግሩፑ ሊዞር ይገባል እንዴ? ለሚያደርሰው ልጅ የሚያደርሰውን መስመር ብቻ ስጡት።

የራሴ ድረ ገጽ ይኑረኝ ለምትሉ ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ የሚጫነው የሱቅ ፕሮግራም፣ ዉኮሜርስ፣ ነው ምርጫዬ። ራሱ ነፃ ነው፣ የምትከፍሉት ለሆስቲንግ (ድረ ገጹ ለሚቀመጥበት ቦታ) እና ለዶሜይን (ለድረ ገጹ ስም) ነው። ብርንም በገንዘብ ዓይነቶቹ ውስጥ ይዟል። ቅርጫቱ ሁለት ዓይነት ነው፣ ልዩነቱን አስተውሉ። በድሮው ቅርጫት ደንበኛው ቁጥሩን ከ2 ወደ 3 ከቀየረ በኋላ ቅርጫቱን የሚያድሰውን በተን መጫን አለበት። ሳይጫን ወደ ክፍያ ካለፈ የሚገባው ትዕዛዝ ያው 2 ነው። በአዲሱ ቅርጫት ቁጥሩን ሲነኩት ራሱ ይታደሳል። ሠሪያችሁ አዲሱን እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ።

ትዕዛዙ ከገባ በኋላስ? ደንበኛው ራሱ ማረም አይችልም። እናንተ ከውስጥ ታርሙለታላችሁ፣ ያውም ትዕዛዙ ክፍያ የሚጠብቅ ወይም ለጊዜው የተያዘ ተብሎ ከሆነ ብቻ ነው። በዝግጅት ላይ ወደሚለው ካለፈ ዕቃዎቹ ይቆለፋሉ። ለማረም ወደ ተያዘ መልሳችሁ፣ አስተካክላችሁ፣ እንደገና ማሳለፍ ነው። እኔ ይሄን እወድለታለሁ። ዕቃ ሊታሸግ ሲል ትዕዛዝ በዝምታ አይቀየርም ማለት ነው። በባንክ ዝውውር የሚከፈል ትዕዛዝ ደግሞ ገና ሲገባ በራሱ ወደ ተያዘ ስለሚሄድ ደረሰኝ እስኪመጣ ለማረም ምቹ ነው። ብዛት ስትቀይሩ ግን እንደገና አስላ የሚለውን በተን አትዝለሉ። ካልተጫነ ድምሩ በትክክል ላይታደስ ይችላል።

ሾፒፋይን (የኦንላይን ሱቅ የሚከፈትበትን አገልግሎት) ለሚጠይቁ፦ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ወርሃዊ ክፍያው በዶላር ነው፣ የራሱ የክፍያ አገልግሎትም ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። ለድሬ ሱቅ አልጠቁምም።

ቴሌግራም ቦት (ቴሌግራም ውስጥ ትዕዛዝ በራሱ የሚቀበል ፕሮግራም) ብዙ ዕቃ ለሚሸጥ ሱቅ እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ነው፣ ደንበኛው ካለበት አይወጣማ። ከ2014 ጀምሮ ቦት ውስጥ ሙሉ ገጽ መክፈት ስለሚቻል ፎርሙም ቅርጫቱም እዚያው ይሆናል። ጥሩም መጥፎም ሠሪ ስላለ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንዳንድ ነገር ፊቱ ሞክሩ። ኔት ሲንቀራፈፍ «እዘዝ» የሚለውን ሁለቴ ጫኑት። ሁለት ትዕዛዝ ከገባ አትቀበሉት። ብዛቱን ዜሮ አድርጉ። ዕቃው ከቅርጫት መውጣት አለበት፣ 0 ድሪያ የሚል ትዕዛዝ መምጣት የለበትም። ከዚያ «ዋጋውን ከየት ነው የምታነበው?» በሉት። ከደንበኛው ስልክ ከሚመጣው ፎርም ነው ካለ ተዉት። ትንሽ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው የ1,800 ብሩን ዕቃ 18 ብር አድርጎ መላክ ይችላል። ከፎርሙ መምጣት ያለበት የዕቃው መለያና ብዛቱ ብቻ ነው፣ ዋጋውን ሲስተሙ ከራሱ መዝገብ ያንብብ።

በቻፓ ወይም በሌላ የክፍያ መተላለፊያ የምታስከፍሉም ይቺን ጨምሩ። እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ደንበኛው የክፍያውን ገጽ ከከፈተ በኋላ ቅርጫቱን ከቀየረ፣ በአዲስ መለያ አዲስ ክፍያ መጀመር አለበት። ካልሆነ በድሮው ድምር ከፍሎ በአዲሱ ዝርዝር ዕቃ ይወስዳል።

በቴሌብር ወይም በንግድ ባንክ ከፍሎ ስክሪንሾት የሚልክላችሁ ደንበኛ ካለ፣ ፎርሙ ላይ የግብይት ቁጥሩን አስሞሉትና ከሒሳባችሁ ጋር አመሳክሩ። ስክሪንሾት በቀላሉ ይቀነባበራል። ቦታው ጽሑፍ የሚቀበል ይሁን፣ የንግድ ባንኩ ቁጥር በኤፍቲ (FT) ፊደላት ስለሚጀምር አሃዝ ብቻ የሚል ቦታ አይቀበለውም። ትዕዛዙ ጨምሮ ተጨማሪ ብር ሲልክ ደግሞ ለሁለተኛው ቁጥር ሌላ ቦታ አዘጋጁ። የመጀመሪያው ላይ ከጻፈበት የፊተኛው ክፍያ ማስረጃ ይጠፋል።

የትኛውንም ብትመርጡ የፎርሙን ጥያቄዎች ለአገራችን አመቻቹ። ሳፋሪኮም አገልግሎቱን የጀመረው እዚሁ ድሬ ነው፣ ነሐሴ 2014። እስካሁን ግን በ09 ያልጀመረ ስልክ አልቀበልም የሚል ፎርም አያለሁ። አቦ፣ የ07ቱ ደንበኛ የት ይሂድ? ሰዓትም እንዲሁ ነው። ደንበኛው «3 ሰዓት» ሲል ጠዋቱን ነው፣ የፎርሙ ሰዓት መምረጫ ግን በፈረንጅ ነው የሚያስበው። ስለዚህ መምረጫውን ተዉትና «ጠዋት ከ2 እስከ 5»፣ «ከሰዓት ከ9 እስከ 12» የሚሉ ምርጫዎች አስቀምጡ። ቀትሩን ብትዘሉት ይሻላል፣ በዚያ ፀሐይ የሚያደርስም የሚረከብም ይቸገራል። ሐረር ለምትልኩ ደግሞ ጀጎል (በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ) ውስጥ መኪና የማይገባበት ጠባብ መንገድ ብዙ ነው። የመረከቢያ በሩን አስመርጡ፣ ሸዋ በር ወይም ሌላ።

ቋንቋም አለ። ፎርማችሁ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ተናጋሪ ደንበኛችሁ ሳይገባው የሚሞላው ቦታ ይኖራል፣ ያንን ለማረም ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ናችሁ። ቢያንስ «ብዛት»፣ «ቀለም» እና «መረከቢያ» የሚሉት በሦስቱም ይጻፉ። ከላይ ያልኩትን ሙከራ ያለፈ ቦት ሠሪ ድሬ ወይም ሐረር የምታውቁ ጠቁሙን። ሶማሊኛውን አጥርቶ የሚጽፍ ከሆነማ ቶሎ በሉ፣ የሚፈልጉት ሱቆች ብዙ ናቸው።